ምጽዋት በነጋሪት

ማስታወቂያ በመሥራት እንጀራውን የሚበላ ሰው ስለ ምጽዋት ልናገር ብሎ ሲነሣ ሰሚው ፈገግ ቢል አያስደንቅም። ምጽዋት በስውር ይደረግ ዘንድ አባቶች አስተምረውናል፤ የእኛ ሙያ ደግሞ የተሰወረውን ሁሉ አደባባይ ማውጣት ነው። የሳሙናውን ንጣት፣ የብስኩቱን ጣዕም፣ የአዲሱን ቤት ስፋት በራዲዮና በቴሌቪዥን፣ በመንገድ ዳር ሰሌዳና ዛሬ ዛሬም በእጅ ስልክ ላይ እንለፍፋለን። ዝም ያለ ነጋዴ ደንበኛ የለውም ብለንም እናስተምራለን። ታዲያ አንዱ ዝም በል፣ ሌላው ጩኽ የሚሉ ሁለት ትምህርቶች በአንድ ቤት ውስጥ እንዴት አብረው ሊያድሩ ይችላሉ? ይህ ጥያቄ በጎ ሥራን ለመርዳት የሚያስበውን ሰው ሁሉ የሚመለከት ስለ መሰለኝ፣ በሥራዬ ላይ ሆኜ ያየሁትንና የደረስሁበትን አሳብ ለአንባቢ ለማካፈል ፈለግሁ።

የምሠራበት ቤት ትንሽ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ፣ ከሜክሲኮ አደባባይ ብዙ ሳይርቅ፣ ከአንድ ያረጀ ፎቅ ሦስተኛው ደርብ ላይ ሁለት ክፍል ተከራይተን የምንሠራ ስድስት ሰዎች ነን፤ ባለቤቱ፣ ጽሑፍ የምናዘጋጅ ሁለት ሰዎች፣ ሥዕልና ፎቶግራፍ የሚሠራ አንድ ወጣት፣ አንዲት ሒሳብ ያዥና አንድ ተላላኪ። ባለቤቱን ሁላችንም ጋሼ እያልን እንጠራቸዋለን። ጋሼ ይህን ቤት ሲያቋቁሙ ሁለት ደንብ አወጡ። የመጀመሪያው፣ በየዓመቱ አንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት ተመርጦ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ያለው ጊዜ ሁሉ ያለ ዋጋ ለእርሱ እንዲውል ነው። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይልቅ የከበደ ነው፤ ያ ነፃ ሥራ እንደ ማንኛውም ደንበኛ ሥራ በመዝገብ ይገባል፣ ቁጥር ይሰጠዋል፣ የሚያልቅበት ቀን ይቈረጥለታል፣ ዋጋውም ይሰላል። ሥራው ተፈጽሞ ባለጉዳዩ ከተረከበ በኋላ ሒሳብ ያዧ ዋጋውን በቀይ ቀለም ትሰርዘዋለች።

አንድ ቀን አንድ እንግዳ፣ «ለማይከፈልበት ሥራ ይህ ሁሉ ወግ ምን ያደርጋል?» ብሎ ቢጠይቃቸው ጋሼ ሲመልሱ፣ «ወዳጄ፣ ነፃ ሥራ ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ ይቀመጣል። ለተለማማጅ ይሰጣል፣ ቀኑ ያልፋል፣ ስሕተቱም ሳይታረም ይቀራል። ተቀባዩስ በነፃ ነውና በምን አፉ ይወቅሳል? ዋጋውን የማስጽፈው ሠራተኞቼ ምን ያህል እንደ ሰጡ እንዲያውቁት ነው» አሉት።

አንባቢ ምናልባት፣ ለድኾች ምግብ የሚያቀርብ ድርጅት ማስታወቂያ ምን ያደርግለታል ይል ይሆናል። እውነቱን ለመናገር ይህን ጥያቄ ከሁሉ ቀድመው የሚያነሡት የድርጅቶቹ አስተዳዳሪዎች ራሳቸው ናቸው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621፣ ድርጅቶች ከዓመት ወጪያቸው ቢያንስ 70 በመቶውን ለዓላማቸው፣ ቢበዛ 30 በመቶውን ለአስተዳደር እንዲያውሉ አዝዞ ነበር። በ2011 ዓ.ም. ያን የተካው አዋጅ ቁጥር 1113 ደግሞ የአስተዳደሩን ወጪ ወደ 20 በመቶ ዝቅ አደረገው። የሕጉ አሳብ መልካም ነው፤ በድኻ ስም የተለመነ ገንዘብ ለወንበርና ለመኪና እንዳይውል ነው። ነገር ግን በአንድ ትንሽ ድርጅት ውስጥ ለቢሮ ኪራይ፣ ለሒሳብ መርማሪ፣ ለጸሓፊ የሚወጣው ሲደመር፣ ለማተሚያ ቤት የሚከፈል አንዳች አይተርፍም። ቢተርፍም አስተዳዳሪዋ እጇ አይፈታም፤ ለአንድ በራሪ ወረቀት የምትከፍለው ብር ከአንድ ሽማግሌ ሳሕን ላይ የተነሣ ይመስላታል። ወረቀቱ ካልታተመ ሰው አያውቅም፤ ሰው ካላወቀም ሳሕኑ ባዶ ይሆናል። ትንሽ የማስታወቂያ ቤት ገብቶ ሊረዳ የሚችለው በዚህ ክፍተት ነው።

መልካም ሥራ ራሱ ይናገራል፣ ለፋፊ አያሻውም የሚሉም አሉ። ለዚህ አሳባቸው ብዙ ጊዜ የሚጠቅሱት ወይዘሮ አበበች ጎበናን ነው። እርግጥ ነው፤ እሳቸው እ.ኤ.አ. በ1980 ግሸን ማርያምን ለመሳለም ወደ ወሎ ሄደው፣ በረሃቡ ከተጎዱት መካከል ሁለት ሕፃናት ይዘው ወደ ቤታቸው ሲመለሱ ሰሌዳ የተከለላቸው አልነበረም። በ2013 ዓ.ም. እስካረፉ ድረስም ስማቸው ከአገር አልፎ የታወቀው በሥራቸው ነው። ሆኖም አንድ ስም በአገር ሲሰማ፣ ስማቸው ከሠፈራቸው ያላለፈ ስንት ቤቶች እንዳሉ ማሰብ ይገባል። ጎረቤት እንኳ ከአጥሩ ውስጥ ምን እንደሚሠራ አያውቅም። ለእነዚህ ዝምታ ትሕትና አይደለም፤ ራብ ነው።

ይኸው ጥያቄ በሌላ አገርም ተነሥቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1941 መጨረሻ ገደማ የአሜሪካ ማስታወቂያ ሠሪዎች ተሰብስበው ሙያቸው በሕዝብ ዘንድ ስለ ደረሰበት ነቀፋ ተነጋገሩ። ጄምስ ዌብ ያንግ የተባለው የሙያው አዋቂ፣ ይህ ሰውን የማሳመን ጥበብ ለንግድ ብቻ ሳይሆን ለሕዝብ ጥቅምም ይዋል ሲል አሳብ አቀረበ። በ1942 የማስታወቂያ ምክር ቤት ተቋቋመ፤ ጽሑፉንና ሥዕሉን ማስታወቂያ ቤቶች ያለ ዋጋ ሠሩ፣ ጋዜጦችና ራዲዮ ጣቢያዎች ደግሞ ቦታና ጊዜ በነፃ ሰጡ። የደን ቃጠሎን ለመከላከል በ1944 የተጀመረው ባርኔጣ የደፋው ድብ፣ ስሞኪ፣ የዚያ ድካም ፍሬ ነው። ጦርነቱ ሲያበቃም ምክር ቤቱ አልፈረሰም፤ በ1972 ያንግ ኤንድ ሩቢካም የተባለው ድርጅት ለጥቁር ተማሪዎች ኮሌጆች ገንዘብ ለሚሰበስበው ማኅበር የሠራው ማስታወቂያ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። እነዚህ ግን ታላላቅ ቤቶች ናቸው። ስድስት ሰው ያለበት ቤት ሚሊዮኖችን ማንቀሳቀስ አይችልም፤ የሚችለው አንድን ግቢ ገብቶ፣ ነዋሪዎቹን በየስማቸው አውቆ ማገልገል ነው።

ይህ ማወቅ የሚፈተነው በፎቶግራፍ ነው፤ የሙያችን ትልቁ ኀይልም ትልቁ አደጋም እርሱ ነውና። በጥቅምት 1977 ዓ.ም. መሐመድ አሚን በካሜራው፣ ማይክል በርክ በቃሉ ከኮረም ያቀረቡት የቢቢሲ ዜና ዓለምን አስደነገጠ። በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር ላይቭ ኤድ የተባለው ታላቅ የሙዚቃ ዝግጅት በለንደንና በፊላደልፊያ ተደርጎ ለረሃቡ ርዳታ ገንዘብ ተሰበሰበ። ያ ፊልም ርዳታውን እንዳፋጠነ የሚክድ የለም። ሥዕሉ ግን ረሃቡ ካለፈ በኋላም አልጠፋም፤ ለትምህርት ውጭ አገር የሄደ ወጣት ከስንት ዓመት በኋላ የአገሩን ስም ሲጠራ፣ አድማጩ በዓይነ ኅሊናው የሚያየው ያን ሜዳ ነበር። ሥዕል ሰውን ያድናል፤ የዳነውን ሰው ግን በዚያች በከፋች ቀኑ ላይ አስሮ ሊያስቀረው ይችላል።

ይህንኑ በገዛ ሥራችን አየነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት የዓመቱ ተረኛችን፣ ጧሪ ያጡ ሠላሳ ያህል አረጋውያን የሚኖሩበት አንድ ቤት ነበር። ፎቶግራፍ አንሺያችን በመጀመሪያው ረቡዕ ግቢውን ሲዞር፣ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ጥጥ የሚፈትሉ አንዲት እናት አየ። ፊታቸው ያማረ፣ ብርሃኑም የተመቸ ነበር። «እማማ፣ አንድ ጊዜ ቀና ይበሉልኝ» አላቸው። እሳቸውም ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አድርገው፣ እንዝርቱን ማሾር ሳያቋርጡ እንዲህ አሉት፦

«ልጄ፣ እኔ ዘመድ የሌለኝ እንዳይመስልህ። የእኅቴ ልጆች ጎጃም አሉ። እዚህ ከልጄ ጋር በደኅና የምኖር ይመስላቸዋል፤ ልጄ መሞቱን አልሰሙም። አንተ ይህን ፊት በየመንገዱ ሰቅለኸው አይተው ቢመጡብኝ፣ እስከ ዛሬ ለምን ደበቅሽን ሲሉኝ ምን እመልሳለሁ? ከፈለግህ እጄን አንሣ፤ እጅ ስም የለውም።»

ልጁ እጃቸውን አንሥቶ ተመለሰ። ነገሩ በዚህ ቢያበቃ መልካም ነበር። ነገር ግን የትንሣኤ በዓል ሲቃረብ፣ ከደንበኞቻችን ሁሉ ትልቁ፣ ከዓመት ገቢያችን ሲሶ ያህሉ የሚመጣበት የአንድ ፋብሪካ ባለቤት፣ ለአረጋውያኑ ዱቄትና ዘይት ልስጥ ብለው መጡ። ደስ አለን። ቀጥለውም የሚፈልጉትን ነገሩን፤ አረጋውያኑ ይሰለፉ፣ ከኋላቸው የፋብሪካው ስም የተጻፈበት ሰፊ ጨርቅ ይዘርጋ፣ እሳቸው በእጃቸው ሲሰጡ ይቀረጽ፣ ከተቀባዮቹም የሚያለቅስ ቢገኝ ከቅርብ ይታይ አሉ። ፊልሙ በበዓሉ ዋዜማ በቴሌቪዥን እንዲወጣ ነበር። ለፊልሙ ሥራ ሊከፍሉ ያሰቡት ገንዘብ ከዱቄቱና ከዘይቱ ዋጋ ይበልጥ ነበር።

ጋሼ ብቻቸውን ሊወስኑ አልፈለጉም፤ ያ ገቢ ቢቀር የሚጐድለው የሁላችን ደመወዝ ነውና ሁላችንንም ሰበሰቡን። ሒሳብ ያዧ በግልጽ ተናገረች፤ «ዱቄት ዱቄት ነው። የተራበ ሰው ከጆንያው በስተኋላ ምን እንደ ተጻፈ አይጠይቅም። እኛ ክብር ክብር ስንል እነሱ ጦማቸውን ቢያድሩ ኀጢአቱ የማን ነው?» ይህ ቀላል አነጋገር አይደለም። በዚያን ቀን ማንም በቂ መልስ አልሰጣትም፤ እኔም እስከ ዛሬ ሙሉ መልስ አለኝ አልልም።

ከሁላችን ያነሰ ደመወዝ የሚያገኘው ተላላኪያችን ግን፣ አባቱ የእድር ጡሩምባ ነፊ ነበሩና፣ እንዲህ አለ፤ «አባቴ ሌሊት ተነሥተው በየመንደሩ ሲዞሩ የሟቹን ስምና የቀብሩን ሰዓት ይናገሩ ነበር። ድንኳኑን ማን ገዛው፣ ንፍሮውን ማን ቀቀለው ብለው ጡሩምባ ነፍተው አያውቁም።»

ይህ ቃል ከላይ ላነሣሁት ጥያቄ መፍቻ ሆነኝ። እድርን አንባቢ ያውቀዋል። አባሉ በየወሩ መዋጮውን ይከፍላል፤ ሞት ሲመጣ ድንኳኑ ይተከላል፣ ወንበሩና ድስቱ ይመጣል፣ ለሐዘንተኛውም የተወሰነው ገንዘብ ይሰጠዋል። ይህ ሁሉ በአዋጅ ነው እንጂ በስውር አይደለም፤ ጡሩምባው ይነፋል፣ የመዋጮውም ሒሳብ በጉባኤ ይነበባል። ነገር ግን ሐዘንተኛው የሚሰጠውን ገንዘብ ለመቀበል በሰው ፊት አይሰለፍም፤ ዛሬ የተቀበለው ነገ ሰጪ ነውና። እንግዲህ አባቶች ምጽዋት በስውር ይሁን ማለታቸው ነገር ሁሉ ይደበቅ ማለታቸው አይደለም። የሚሰወረው የሰጪው ስምና የተቀባዩ ፊት ነው፤ የሚነገረው ችግሩና ሒሳቡ ነው። በእኛ ዘመን ነገሩ ተገልብጦ፣ የሰጪው ስም በትልቁ ይጻፋል፣ የተቀባዩ ፊት ይሰቀላል፣ ሒሳቡ ግን በሣጥን ይቈለፋል።

ውሳኔው የእኛ ብቻ አልነበረም። ጋሼ ነገሩን ለቤቱ አስተዳዳሪ ነገሯት፤ እርሷም ከምሳ በኋላ አረጋውያኑን ሰብስባ ጠየቀቻቸው። ሦስት ሽማግሎች ወዲያው ፈቀዱ፤ አንደኛውማ፣ «እኔን አንሡኝ፤ ዱሮም መልከ መልካም ነበርሁ» ብለው ሁሉን አሣቁ። ሌሎቹ ተሰልፎ መታየቱን አልወደዱትም። ጥጥ ፈታይዋ እናት ምንም ሳይናገሩ ተነሥተው ወደ ክፍላቸው ገቡ። ጋሼም ይህንኑ ይዘው ወደ ፋብሪካው ባለቤት ሄዱ፤ የፈቀዱት ሦስቱ ብቻ ይነሡ፣ ሰልፉ ይቅር፣ የእርስዎም ስም ከሌሎች ሰጪዎች ጋር በየሦስት ወሩ ሒሳብ ላይ ይታተም አሏቸው። ባለቤቱ አልተስማሙም። ዱቄቱ ወደ ሌላ ቦታ ሄደ፤ የፋብሪካውም ሥራ ክረምት ሳይገባ ከእኛ ተወስዶ ለሌላ ቤት ተሰጠ።

የሆነውን አሳምሬ አልናገርም። የሁለት ወር ደመወዛችን እየተቈራረጠ ተከፈለን፤ በዚያ ፋሲካም የአረጋውያኑ ማዕድ ቀጭን ነበር። ክብርን ለመጠበቅ የሚከፈል ዋጋ አለ፤ ያን ዋጋ ከሁሉ አስቀድሞ የሚከፍለው ደግሞ ድኻው ራሱ ነው። ስለዚህም እኛ ከወሰንንላቸው ይልቅ እነሱ መጠየቃቸው ተገቢ ነበር።

ቀጥሎ የሠራነው ሥራ ይህ ነው። በሰሌዳው ላይ ያቺ የምትፈትል እጅና እንዝርቷ ብቻ ወጣች። ከሥሯ «ድኾችን እንርዳ» ብለን አልጻፍንም፤ እንዲህ ያለውን ቃል መንገደኛው ሺህ ጊዜ ሰምቶት ያልፈዋል። ይልቁንስ የአንድ ወር የልብስ ሳሙናና የማገዶ ወጪ ስንት ብር እንደ ሆነ፣ ለአንድ ሰው ሲካፈልም ስንት እንደሚደርስ ጻፍን። ተለይቶ የተጠየቀ ነገር ለመስጠት ይቀላልና። ለራዲዮ ያዘጋጀነው ጽሑፍ በሠላሳ ሴኮንድ የሚነበብ፣ ከስልሳ ቃል የማይበልጥ ነበር፤ የባንኩ የሒሳብ ቁጥር ሁለት ጊዜ ይነገራል፣ ሰሚው እርሳስ እስኪፈልግ የመጀመሪያው ያመልጠዋልና። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ደግሞ ዐሥር ብር ያለው ሰው ባንክ ሳይሰለፍና ማነሱን ሳያፍር ሊልክ ስለሚችል፣ ያንንም ቁጥር ጨመርንበት።

ከሁሉ ይልቅ የጠቀመችው ግን አንዲት ገጽ ወረቀት ናት። በየሦስት ወሩ ምን እንደ ገባ፣ በምን ላይ እንደ ዋለ፣ ምን እንደ ጐደለ፣ በተራ አማርኛና ዓይን በማያስቸግር ፊደል ተጽፎ በግቢው በር፣ በቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ፣ በየእድሩ ስብሰባና በቴሌግራም ይወጣል። የመጀመሪያው ወር ስጦታ የሳሙናውን ወጪ እንኳ አልሸፈነም። ሁለተኛው ወረቀት ከወጣ በኋላ ግን ቀድሞ የሰጡት ሰዎች ደግመው ሰጡ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንደሚባለው፣ ከሠፈሩ እድሮች አንዱ ከመዋጮው ላይ በየወሩ ጥቂት ብር ተጨምሮ ለቤቱ እንዲሰጥ በጉባኤ ወሰነ። የሚያስለቅስ ፊልም አንድ ጊዜ ያሰጣል፤ የታመነ ሒሳብ ግን ደጋግሞ ያሰጣል።

ዓመቱ ሲፈጸም ጋሼ ፎቶግራፎቹን፣ ጽሑፎቹንና የወረቀቱን ንድፍ ሁሉ ለቤቱ አስረከቡ። ከቤቱ ሠራተኞች አንዲት ልጅ ያችን ገጽ በኮምፒዩተር ራሷ ማዘጋጀት እስክትችል ድረስም አራት ረቡዕ ተጨምሮ ተማረች። እኛን ሁልጊዜ የሚጠብቅ ድርጅት አንድ ቀን እኛ ስንታመም አብሮ ይታመማልና።

ይህን የምጽፈው ለማስታወቂያ ሠሪዎች ብቻ አይደለም። ተማሪ ወይም ጀማሪ የመንግሥት ሠራተኛ የሆናችሁ አንባቢዎች፣ ከወር ገቢያችን የሚተርፍ ነገር ስለሌለ ለበጎ ሥራ የምንሰጠው የለንም ትሉ ይሆናል። ነገር ግን የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ እንዴት እንደሚጻፍ ታውቃላችሁ፤ ማመልከቻ ለማን እንደሚቀርብ፣ ምን ሰነድ እንደሚያያዝበት ታውቃላችሁ። ሒሳብ አያያዝ የተማረ፣ እንግሊዝኛ የሚተረጕም፣ ኮምፒዩተር የሚችል ከመካከላችሁ አለ። ለእናንተ የቀን ተቀን ሥራ የሆነው ነገር ለአንድ ትንሽ የበጎ አድራጎት ቤት የማይገኝ ሀብት ነው።

ስትሰጡት ግን ለሚከፍል ሰው እንደምትሰጡት አድርጋችሁ ስጡት። በቀጠሮው ሰዓት ድረሱ፤ የጀመራችሁትን ጨርሱ፤ ከመሄዳችሁ በፊት ለአንድ ሰው አስተምሩ። ከተረጂዎቹ ጋር ፎቶግራፍ ለመነሣት ስትፈልጉም አስቀድማችሁ ፈቃዳቸውን ጠይቁ፤ እምቢ የሚለውም ሰው ምክንያቱን ለመናገር አይገደድ።

በየሠፈሩ እንዲህ ያለ ቤት አይጠፋም። አንድ ቅዳሜ ጧት ጐራ በሉና አስተዳዳሪውን ምን ልስጥ ብላችሁ አትጠይቁ፤ ለዚህ ጥያቄ ሰው በይሉኝታ የተገኘውን ይመልሳል። ይልቅስ፣ «ጊዜ ወይም የሚያውቅ ሰው አጥታችሁ ሳትጽፉት የቀራችሁት ደብዳቤ የትኛው ነው?» በሏቸው። ብዙ ጊዜ ከመሳቢያው ውስጥ አንድ ክምር ወረቀት ያወጣሉ።